ጭረቱን ቀባሁት፤ ስንጥቁን ደበቅሁት

የዛሬው ወጌ ስለ ፍቅር ነው ብላችሁ ገጹን የገለጣችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ። ወጌ ስለ ቀለም ነው። የሞተር ሳይክል የጎን ሳጥን ስለ መቀባት! (አትሳቁ እንጂ! ፍቅሩም ቢሆን እግረ መንገዱን ብቅ ማለቱ አይቀርም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም አንድ የጊንጪ አንባቢ ጥያቄ ልኮልኛል። "ሞተሬ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉት። ተጫጭረው አስጠሉኝ። ጋራዥ የጠየቁኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። እቤቴ ልቀባቸው ብል ይሆንልኛል ወይስ ገንዘቤን ውሃ ይበላዋል?" ይላል። ጥያቄው አጭር ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ይሆንልሃል ወዳጄ። ታዲያ እኔ ይህችን መልስ ያገኘኋት በአጭር መንገድ አይደለም። ያገኘኋት የወንድሜን እግር አሰብሬ፣ የሰው ልጅ ስም አጥፍቼ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከመንገሬ በፊት ጉዴን ልንገራችሁ። ጉዴን ሳትሰሙ ቀለሙ ብቻውን አይጠቅማችሁም።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ዓመታት አልፈው ነበር። ሥራ ግን የለም። አዲስ ዓለም ከታላቅ ወንድሜ ቤት እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። አዲስ ዓለምን ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኟት ከተማ ናት። የድሮ ስሟ ኤጀሬ ነው። አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ቢቸግራቸው ዋና ከተማቸውን ወደኛ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ባሕር ዛፍ መጣና አዲስ አበባን አዳናት። የኛው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። (ዋና ከተማ መሆን ለጥቂት አመለጠን!)

ወንድሜ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከተማው ውስጥ አነስተኛ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችው። ግማሽ ቀን ሱቁ ይውላል፤ ግማሹን ቀን ገጠር ይወጣል። ላም ታመመች፣ በሬ ተነፋ፣ በግ አላርፍ አለች ሲሉት በሞተሩ ፈጥኖ ይደርሳል። ሞተሩን የገዛት አዲስ አበባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚያ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለከል፣ ሞተሩን መሸጥ የፈለገ ሰው በደላላ ተገኝቶ ነው። ሞተሯ አሮጌ ብትሆንም ሳጥኖቿ አዲስ ነበሩ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ባለ ቁልፍ። በቀኙ መድኃኒትና መርፌ፣ በግራው ገመድና የዝናብ ልብስ ይጭንባቸዋል። ሚስቱ "እኔን እንደዚህ አብሶኝ አያውቅም" ትል ነበር።

ሞተሩን በየቅዳሜው የሚያጥብ አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎበዝ፣ ቁጥብ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ልጅ። በሚያገኛት ገንዘብ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛባታል። ይህን ልጅ ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ፍቅሩ መጣሁላችሁ። ሆለታ ውስጥ አንዲት ልጅ ወድጄ ነበር። በስልክ ስናወራ ምን ብያት መሰላችሁ? "ሞተር አለኝ!" ሰው ሲዋሽ ትንሽ እንኳ አይሰስትም እኮ! በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ በአንድ እሑድ ወንድሜ ለቅሶ ሊደርስ በመኪና አምቦ ሄደ። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። መንጃ ፈቃድ የለኝም። የራስ መከላከያ ቆቡንም ትቼው ወጣሁ፤ ጸጉሬን ተበጥሬ ነበራ! ሆለታ ደረስኩ፣ ተዝናናሁ፣ ተሞገስኩ። ስመለስ አዲስ ዓለም ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ጭነት የያዘች አህያ አስፋልቱ ላይ ወጣች። ፍሬን ያዝኩ፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ጠጠር አንሸራተተኝና በቀኝ ጎኔ ተዘረርኩ። የእንስሳት ሐኪምን ሞተር አህያ ትጣለው?

እኔ መዳፌ ተላጠ እንጂ ደህና ነበርኩ። አህያዋም ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። የቀኙ ሳጥን ግን አስፋልቱን ታክኮ ሦስት ረጃጅም ጭረት ወጥቶበታል። ከጭረቶቹ ሌላ ደግሞ ሳጥኑ ከብረቱ ጋር በብሎን በሚያያዝበት ቦታ ላይ የጸጉር ያህል የቀጠነች መስመር አየሁ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ አላየሁም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን አየኋት። በጥፍሬም ነካኋት። "ምን አላት! ቀለም ይሸፍናታል" አልኩ።

እቤት እንደገባሁ የውጭ በራችን ከተቀባበት የተረፈ ጥቁር የብረት ቀለም ነበረና እሱን አወጣሁ። ሳጥኑን በቲነር ጠረግሁት። ፕላስቲኩ ማስቲካ ይመስል ተጣበቀብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። ጊዜው እየመሸ ነው፤ ወንድሜ ሊደርስ ነው። አላጠብኩትም፣ አላሸሁትም። በአሮጌ ብሩሽ ላይ ታች፣ ታች ላይ አድርጌ ለቀለቅሁት። የአበው ተረት አለ አይደል? "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል"። ተረቱን አውቀው ነበር። ለሌላ ሰው የተተረተ መስሎኝ ነው እንጂ።

በነጋታው ወንድሜ ሞተሩን አየት አደረገና "ይሄ ሳጥን ጠቆረ ልበል?" አለኝ።

"ልጁ በደንብ አጥቦልህ ነው" አልኩት።

አያችሁ፣ ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስናገራት ምንም ክፋት አላሰብኩባትም። ከአፌ የወጣችው እንደው ለማምለጫ ነበር። እሷ ግን ወጥታ አልቀረችም፤ ቀኗን ጠብቃ ተመለሰች።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ። አንድ ቀን ወንድሜ ሆዷ ለተነፋ ላም ተጠርቶ ወደ ገጠር ሲገሰግስ፣ ወጣ ገባ የሆነ መንገድ ላይ የቀኙ ሳጥን በዚያች በስንጥቋ በኩል ተገነጠለ። በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ የኋላ ጎማው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ቆመ፤ ወንድሜ ተወረወረ። ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር ነው የተረፈው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው መድኃኒት እንዳለ ተሰባብሮ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ገበሬዎች ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት።

እግሩ በጄሶ ታስሮ ሳሎን ተቀምጧል። የተሰበረው ሳጥን አጠገቡ ነው። ዝናቡ የመታው ቀለሜ እዚህም እዚያም አብጦ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል። ወንድሜ በጥፍሩ አንዱን ላጥ አደረገውና ከሥሩ ጭረቱን አየ። ከዚያ ስንጥቁን አየ። ዝም ብሎ ብዙ ቆየ።

"ይሄ ሳጥን ወድቆ ነበር። ወድቆ ተቀብቷል" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ "ያን ቀን ልጁ አጥቦት ነው አላልከኝም?"

ዝም አልኩ። አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ዝምታዬ ምስክርነት ሆነች።

ልጁ ተጠራ። "ማርያምን አልነካሁም!" አለ። ማለ፣ ተገዘተ፣ አለቀሰ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልመታውም፣ አልሰደበውም። "ሂድ፣ ከእንግዲህ ግን ሞተሬን እንዳትነካ" ብቻ አለው። ይበቃል እኮ! ትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬ ጫማ አያስፈልገውም። በሳምንቱ ልጁ "የዶክተሩን ሞተር ሰብሮ የቀባው" ተብሎ ይጠራ ጀመር። ሌሎች ባለ ሞተሮችም ማሳጠቡን ተዉ። ሐምሌ ላይ ከተማውን ለቆ ሄደ ተባለ።

እኔስ? እኔማ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፤ መተኛት ግን አቃተኝ። ለወንድሜ ሻይ ሳቀርብለት እጄ ይንቀጠቀጣል። "አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ?" ይለኛል። እሱ እግሩ ተሰብሮ ለኔ ያስባል! ሆለታ ያለችዋም "ሞተርህስ?" ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት። በዚያው ተዘጋን።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወንድሜ ሚስት ለዓመት በዓል ግቢውን ስታጸዳ ከእንጨት ክምሩ ሥር ቀለም የደረቀበት ብሩሽ አገኘች። ይዛው መጣች። ፊቴን አየች። ብሩሹን አየች። ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

"እትዬ፣ እባክሽ…" አልኩ።

"እኔ አልነግረውም" አለችኝ። "ይህን ዕዳ ለኔ አታሸክመኝ። ራስህ ንገረው። ግን ዓመቱ ሳይለወጥ ንገረው።"

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ሞተሩን የጣልኩት እኔ ነኝ። የቀባሁትም እኔ ነኝ። ስንጥቁንም አይቼው ነበር።" የመጨረሻዋን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያህል አሥር ጊዜ ከበደችኝ። መጣል አደጋ ነው፤ መቅባት ፍርሃት ነው። አይቶ መሸፈን ግን ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም።

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። ጄሶው የወጣለትን እግሩን እያሻሸ፣ "ስለ ሞተሩ ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ ሞተር ዕቃ ነው። እግሬም ድኗል። ያን ልጅ ግን ፈልገህ አግኘው። እኔም በሱ ፊት አንገቴን ደፍቻለሁ፤ አንተ ነህ ያስደፋኸኝ" አለኝ።

ጠይቄ ጠይቄ ልጁ አምቦ እንዳለ ሰማሁ። መስከረም አጋማሽ ላይ በሚኒባስ ሄድኩ። ጊንጪን አልፎ እስከ አምቦ ያለው መንገድ ያን ቀን የረዘመብኝን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። ልጁን አንድ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። የት ክፍል ቢሆን ጥሩ ነው? ቀለም ክፍል! ከአንድ ጎልማሳ ቀለም ቀቢ ሥር ረዳት ሆኖ የመኪና በር በብርጭቆ ወረቀት ያሻል።

ሰው ፊት ተናገርኩ። ብቻውን ጠርቼ ልናገር ነበር ያሰብኩት፤ ግን ስሙን ያጠፋሁት ሰው ፊት ነውና። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ እናቴ እንኳ አላመነችኝም ነበር" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሺህ ጊዜ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠሁት። ወንድሜ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ልጁ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳውን ይዞ ሲቆም አየሁት። እናቱ ዘንድ ሄዶ እውነቱን የሚናገር ሰው ይላክልኝ አለ። በማግስቱ ወንድሜ ራሱ እያነከሰ ሄደ።

ልጁ ወደ አዲስ ዓለም አልተመለሰም። "ሙያ እየተማርኩ ነው" አለ። እውነቱን ነው።

ቀለም ቀቢው ሰውዬ ታዲያ ሁሉንም በጸጥታ ሲሰማ ቆይቶ፣ "ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው የቀባኸው?" አለኝ። ነገርኩት። ቲነሩን ስጠራ ሳቀ፤ የበሩን ቀለም ስጠራ ራሱን ያዘ። ከዚያ ሁለቱም፣ እሱና ልጁ፣ እየተቀባበሉ አስተማሩኝ። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ እኔና ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ እንደነገሩኝ አድርገን ሠራነው። የጊንጪው ወዳጄ፣ አሁን ጆሮህን ስጠኝ።

መጀመሪያ ፍታና እይ

ሳጥኖቹን ከሞተሩ ላይ ፍታ። ቁልፉን፣ አንጸባራቂውን፣ የክዳኑን ጎማ፣ ብሎኑን ሁሉ አውልቅና አንድ ጣሳ ውስጥ ሰብስብ። የተለጠፈ ምልክት ካለ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አቆይበትና ቀስ ብለህ ላጠው። ከዚያ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ይዘህ ከውስጥም ከውጭም አገላብጠህ እየው። በተለይ ብሎን የሚገባባቸውን ቦታዎች! ጭረት ሌላ ነው፣ ስንጥቅ ሌላ ነው። ጭረት የመልክ ጉዳይ ነው። ስንጥቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። ለይቶ ለማወቅ ሳጥኑን በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ ጠምዘዝ አድርገው፤ ጭረት ባለበት ይቆያል፣ ስንጥቅ አፉን ይከፍታል።

ስንጥቅ ካገኘህ ቀለሙን እርሳውና እሱን ጠግን። እኛ እንዲህ አደረግን፦ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ በሳን፤ ይህ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረን፣ ከሁለት ቱቦ በሚቀላቀል ጠንካራ ማጣበቂያ አጣበቅነው። በላዩ ላይ የአሉሚኒየም ቁራጭ ደርበን በብሎን አሠርነው። ስንጥቁ ከሰፋ ወይም ሁለትና ሦስት ቦታ ከሆነ ግን ሳጥኑን ቀይረው። ቀለም ጉልበት የለውም።

እጠበው፤ ደግመህ እጠበው

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ማሸት ይሮጣል። ስህተት ነው። ሳጥኑ ላይ ቅባት፣ ግራሶና የማብረቅረቂያ ሰም አለ። ሳታጥብ ካሸኸው ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ ትቀብረዋለህ፤ ቀለሙ እዚያ ላይ አይዝም። በኦሞና በለብ ያለ ውሃ፣ በስፖንጅ፣ ሁለት ጊዜ እጠበው። ውሃ ስታፈስበት ውሃው አንድ ላይ ተዘርግቶ ከወረደ ጸድቷል፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ቅባት አለው። አድርቀውና በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ቲነርና አሴቶን ፕላስቲክ ላይ አታድርስ። አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሙታል፣ ያጣብቁታል። (ማስቲካውን አስታውሱ!)

ጥፍርህ ይመስክር

ጭረቱ ላይ ጥፍርህን አስኪድ። ጥፍርህ ካልያዘ ማሸት ብቻ ይበቃዋል። ከያዘ ስቱኮ ያስፈልገዋል፤ የግድግዳ ስቱኮ ሳይሆን የመኪናው፣ ፕላስቲክ ላይ የሚያገለግለው። አንድ ጊዜ አወፍረህ አትለጥፍ፤ ሳስ አድርገህ፣ ሲደርቅ ደግመህ ጨምር። ሲደርቅ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ይሻክራል፤ በበዛ መጠን ይለሰልሳል። ከዚያ ሳጥኑን እንዳለ፣ ያልተጫረውንም ጭምር፣ በ400 ቁጥር እያራስክ እሸው። ዓላማው አሮጌውን ቀለም መጨረስ አይደለም፤ አብረቅራቂነቱን መግደል ነው። ለስላሳና አንጸባራቂ ነገር ላይ አዲስ ቀለም መያዣ ያጣል።

ልጁ ያስተማረኝ ዘዴ እዚህ ላይ ነው። "ዐይንህን ጨፍነህ ዳብሰው" አለኝ። ዐይን ይታለላል፤ ጣት አይታለልም። አሮጌው ቀለም የሚያልቅበት ጠርዝ ለጣትህ ከተሰማው ገና ነው። ለኔም ለወንድሜም ሦስት ጊዜ ገና ሆነብን።

መያዣው ቀለም

የፕላስቲኩ ገላ የወጣበት ቦታ ካለ ፕላስቲክ ላይ የሚይዝ ልዩ ፕራይመር አለ፤ ስስ አድርገህ ርጨው። ለዚህ እኔ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጃለሁ። በላዩ ግራጫውን ፕራይመር ሁለት ጊዜ ርጭ። ግራጫው ሐሜተኛ ነው፤ ያልታየህን ጭረት ሁሉ አውጥቶ ያሳይሃል። አትናደድበት፤ ያን ጊዜ መታረሙ ይሻላል። ሲደርቅ በ600 ቁጥር እያራስክ በስሱ እሸውና ጠራርገህ አድርቀው። ሳጥንህ ብየዳ ቤት የተሠራ የላሜራ ከሆነ ደግሞ ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አውጣና የዚያኑ ዕለት አንቲ ረስት ቀባው፤ ብረት ገላው ወጥቶ ካደረ መልሶ ይዝጋል።

ቀለሙ

ፕራይመሩም፣ ቀለሙም፣ የመጨረሻው የማብረቅረቂያ ክሊርም አብረው የሚስማሙ ይሁኑ። ካልተስማሙ የታችኛው እንደ አሮጊት ፊት ይጨማደዳል። ስለዚህ አስቀድመህ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ክዳኑ ውስጥ፣ ሞክረው።

ሰዓት ምረጥ። የኛ አገር ደጋ ነው፤ ጠዋት ጤዛ፣ ማታ ብርድ አለ። እርጥበት ያገኘው ቀለም ይገረጣል፣ ይደበዝዛል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ጥላ ሥር ሥራ። ነፋስ ካለ ተወው፤ አቧራው ይለጠፍብሃል። እኛ መሬቱን ውሃ አርከፍክፈን፣ ሳጥኖቹን ከባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ በገመድ አንጠልጥለን ነው የረጨናቸው።

ስፕሬዩን በደንብ ነቅንቀው። ከሳጥኑ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ራቅ በል። መርጨቱን ከሳጥኑ ጠርዝ ውጭ ጀምረህ ተሻግረህ ጨርስ፤ እጅህ አንድ ቦታ ላይ አይቁም። የመጀመሪያው ዙር ጥቁር መሆን የለበትም፤ ጉም ይምሰል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፤ ድገም፤ ጠብቅ፤ ሠልስ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ጊዜ ከዚህ ከተለየ የጽሑፉን ስማ። አንዴ ላድርገውና ልገላገል ያልክ እንደሆነ ቀለሙ እንባ ያወርዳል። እንባውን በእጅህ አትንካ፤ ሲደርቅ በ600 አሽተህ ድገመው። በመጨረሻ ክሊሩን ሁለት ስስ ዙር ርጭ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ! የቀለሙና የቲነሩ ትነት እሳት ይጠራል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ደጅ ሥራ፣ ለቀለም የሚሆን አፍንጫና አፍ መሸፈኛ አድርግ፣ ሕፃናትን አርቅ። እኛ ስንረጭ እትዬ ለቡና ከሰል አያይዛ ብቅ ስትል ወንድሜ ጮኸባት። ያን ሁሉ ጥፋት አጥፍቼ ያልጮኸ ሰው ለከሰል ጮኸ! ልክ ነበር። ቡናው ሥራው ካለቀ በኋላ ተፈላ።

ከሁሉም የሚከብደው

ከሁሉም የሚከብደው ግን መጠበቁ ነው። ቀለሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል። ከላይ እንጂ ከውስጥ ገና ነው። ሳትቸኩል ቢያንስ ቀናት፣ ቢቻል ሳምንት አቆየውና ግጠመው። እኛ ስምንት ቀን ጠብቀናል። በነዚያ ስምንት ቀናት እኔና ወንድሜ በየማታው ወጥተን ሳጥኖቹን እናያለን። መጀመሪያ ስለ ቀለሙ እናወራ ነበር። ኋላ ስለ አባታችን፣ ስለ ልጅነታችን፣ ሥራ አጥቼ ቤቱ ስኖር ስለ ተሰማኝ ሁሉ አወራን። ሲሰማኝ አመሸ። "ቁልፉን ብትጠይቀኝ አስተምርህ ነበር እኮ" አለኝ አንድ ማታ። እኔ ግን ለምኜው አላውቅም ነበር። ሰርቄው እንጂ።

ሳጥኖቹ አማሩ። አዲስ ናቸው ያለ ሰው አለ። እስከ ዛሬም አልተላጡም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁና ላብቃ። ስንጥቁን የደገፍንበት የአሉሚኒየም ቁራጭ ክዳኑ ሲከፈት ውስጥ ይታያል። ቀለም ሲተርፈኝ "እሱንም ልቀባው?" አልኩት ወንድሜን።

"ተወው፣ አትቀባው" አለ። "ስንጥቁ ከሄደ ማየት አለብኝ።"

አሁን ሞተሩን በየቅዳሜው የማጥበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ክዳኑን እከፍታለሁ። ያቺን ቁራጭ በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ብሎኖቿን አጠብቃለሁ፣ ቀዳዳዋን አያለሁ። ከዚያ ነው ውሃ የማነሳው።

የጊንጪው ወዳጄ፣ ገንዘብህን ውሃ አይበላውም። ብቻ ጥፍርህን አስቀድም፣ ብሩሽህን አስከትል። ሳጥኑን የጣለው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ከመቆጣትህ በፊት ማን እንደሆነ ደህና አድርገህ ጠይቅ።

እስከምንገናኝ ቸር ይግጠመን።